ፈጣኑ ክንድና ታጋሹ ክንድ

በዚህ ወር የቤተሰብ ገጻችን ስለ አንድ ባዕድ ጨዋታ ልናወጋችሁ ተነስተናል። ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። በአገራችን እግር ኳስን የማያውቅ ልጅ እንደሌለ ሁሉ በአሜሪካ፣ በፓናማ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በጃፓንም ቤዝቦልን የማያውቅ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። «ታዲያ ይህ ከእኛ ቤት ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ልንጽፍ የተነሳነው ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን በጨዋታው ውስጥ ስለሚያድጉ ልጆች ጭምር ነው። ልጅ ደግሞ የትም ይወለድ የት ለአሳዳጊው አማና ነው።

በማስተማር ሥራ ላይ በቆየንባቸው ዓመታት ደጋግመን ያየነው አንድ ነገር አለ። በየክፍሉ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ፣ ሌሎች እርሳስ ሲቀርጹ እሱ ሂሳቡን ጨርሶ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አይጠፋም። እኛም እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረን። ስናሞግሰው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰሌዳ ፊት ስናቆመው ኖርን። ሥራውን መለስ ብሎ እንዲያይ፣ ስሕተቱን ፈልጎ እንዲያርም ግን አንድም ቀን ቁጭ አድርገን አላስተማርነውም። ፍጥነቱ እኛኑ አታልሎን ነበር። ትምህርቱ እየከበደ፣ ጥያቄው በአንድ ትንፋሽ የማይመለስ እየሆነ ሲመጣ፣ ያ ልጅ መታገል አልለመደምና ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ተሰጥኦ እንዴት እንደሚያድግ የተጻፈ ነገር ሁሉ እየፈለግን ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁን ሁለት ወጣቶች ያገኘናቸውም በዚሁ መንገድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ወርዋሪው ማን ነው?

ቤዝቦል ሁለት ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበትና የሚከላከሉበት ጨዋታ ነው። የጨዋታው ልብ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ፍልሚያ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በሜዳው መካከል ከፍ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳስ የሚወረውረው ነው፤ ሌላው ደግሞ ዱላ ይዞ የሚጠብቀው መቺ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች። ጠንካራ ወርዋሪ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረውራት ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ መቺው ዘንድ ትደርሳለች። መቺው ልምታ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው።

ይሁንና ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ኳሷ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላት ሰሌዳ በላይ፣ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ክልል ማለፍ ይኖርባታል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ፣ ወይም በክልሉ ውስጥ የምታልፈውን ኳስ እያየ ካሳለፈ ተራው አልቆ ይወጣል። ወርዋሪው ደግሞ አራት ጊዜ ከክልሉ ውጭ ከወረወረ መቺው ዱላውን ጥሎ በነጻ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። ይህን እኛ «ነጻ ማለፊያ» እንለዋለን። እንግዲህ አንባቢያችን ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይያዝልን፤ ወርዋሪው ስንት መቺ አስወጣ? ስንትስ ነጻ ማለፊያ ሰጠ? የመጀመሪያው ኃይሉን፣ ሁለተኛው ልጓሙን ይነግረናል።

መሰላሉ

በአሜሪካ ሜጀር ሊግ የሚባለው ከፍተኛው ሊግ 30 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ በመደበኛው ወቅት 26 ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ ቦታው በጠቅላላው 780 ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች ማይነር ሊግ የሚባለው ሰፊ መሰላል ተዘርግቷል። ከ2021 ወዲህ እያንዳንዱ ክለብ በአራት ደረጃ የተከፈሉ አራት ታዳጊ ቡድኖች ስላሉት ቡድኖቹ በድምሩ 120 ናቸው። ከእነዚህም በታች በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የጀማሪዎች ሊጎች አሉ። ከ2024 ጀምሮ አንድ ክለብ በአሜሪካ ምድር ለታችኛው ሊግ በውል ሊይዝ የሚችለው የተጫዋች ቁጥር 165 ነው። 26 ወንበር ባለበት ቤት ደጃፍ 165 ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ አስቡት።

ሰልፉ ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው። በትናንሽ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ እየተጓዘ ይጫወታል። አንድ ደረጃ ሲያልፍ ከፊቱ የሚቆሙት መቺዎች ይበልጥ የበሰሉ ይሆኑበታል፤ ታች የሠራለት ብልሃት ላይ አይሠራለትም። ስለሆነም በየእርከኑ እንደ አዲስ መማር ይጠበቅበታል። ከሰልፉ አብዛኛው ሜጀር ሊግን ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ገቢውም ለረጅም ጊዜ አሳፋሪ ነበር። እስከ 2022 ድረስ በጀማሪዎቹ ሊግ ያለ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያው 4,800 ዶላር፣ የመጨረሻው እርከን ላይ ያለው ደግሞ 17,500 ዶላር ገደማ ነበር። ተጫዋቾቹ በመስከረም 2022 በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ከፈረሙ በኋላ ታችኛው ወደ 19,800፣ ላይኛው ወደ 35,800 ዶላር ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ጨዋታ በማይኖርበት ክረምት የቀን ሥራ እየሠሩ ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ልጁ በዚህ መሰላል ላይ ሲወጣ ከኋላው ተስፋ አድርጎ የሚጠብቅ ቤተሰብ እንዳለም መዘንጋት የለብንም።

ፈጣኑ ክንድ

የመጀመሪያው ወጣታችን ስቲቭ ዳልኮውስኪ ይባላል። በ1939 ኮነቲከት ውስጥ ኒው ብሪተን በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። ቁመቱ መካከለኛ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ግራኝ ልጅ ነበር። በትምህርት ቤቱ ሳለ በአንድ ጨዋታ ብቻ 24 መቺዎችን አስወጥቷል። በ1957 ትምህርቱን እንደጨረሰ ባልቲሞር ኦሪዮልስ የተባለው ክለብ በ4,000 ዶላር የፊርማ ክፍያ አስፈረመው፤ ቴነሲ ውስጥ ኪንግስፖርት ወደሚገኘው ታዳጊ ቡድንም ላከው።

የፍጥነቱ ነገር እንደ ተረት የሚወራ ነው። በዘመኑ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ በየሜዳው ስላልነበረ የተጋነነውን ከእውነተኛው መለየት ያስቸግራል። እኛ መዝገብ ላይ ከሰፈረው እንነሳ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት በ62 የጨዋታ ዙሮች 121 መቺዎችን አስወጣ። ከዙር ሁለት የሚጠጋ ማስወጣት እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን በዚያው 62 ዙር ውስጥ 129 ነጻ ማለፊያ ሰጠ። ኳሷን የሚቀበለው ጓደኛው እንኳ ሊይዛት ሳይችል አምልጣ ሯጮች ያለፉባቸው ውርወራዎች 39 ደረሱ። አንድ ጨዋታ አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ።

በ1958 ክለቡ ፍጥነቱን ለማስለካት አበርዲን ወደሚገኘው የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ መፈተኛ ቦታ ወሰደው። እንደሚተረከው ከአንድ ቀን በፊት ተጫውቶ ክንዱ ደክሟል፤ የሚወረውርበት ጉብታም አልነበረም። ኳሷ የመለኪያውን መስመር ማቋረጥ ስለነበረባት አንዲት ትክክለኛ ውርወራ እስኪገኝ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። የተመዘገበው ፍጥነት በሰዓት 93.5 ማይል ወይም 150 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ቀን የተለካው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱም ጭምር ነበር ማለት ይቻላል።

ክለቡም ዝም አላለም። አንዱ አሰልጣኝ የእጁን አወራወር ሲያርም፣ ሌላው አቋቋሙን ሲለውጥ፣ ሦስተኛው በሰሌዳው ግራና ቀኝ ሁለት መቺ አቁሞ በመካከላቸው እንዲወረውር ሲያዝዘው ዓመታት አለፉ። ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ያመጣ ነበር፤ የወጣቱን አቅም መዝኖ ለእሱ የሚስማማውን የቀመረ ግን አልነበረም። በ1960 በካሊፎርኒያዋ ስቶክተን በ170 ዙሮች 262 መቺዎችን አስወጣ፤ የሰጠው ነጻ ማለፊያም ልክ 262 ነበር! በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ በተነው።

በ1962 ኤልማይራ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ወጣቱ ከአንድ የተለየ አሠልጣኝ ጋር ተገናኘ። ኧርል ዊቨር ይባላል፤ በኋላ የኦሪዮልስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ1970 ክለቡን ለሻምፒዮንነት ያበቃ ሰው ነው። ዊቨር አዲስ ነገር ከመጨመር ይልቅ ሸክሙን አቀለለለት። ሁለት ዓይነት ውርወራ ብቻ እንዲጠቀም፣ ጥግ ጥጉን ትቶ ወደ መካከል እንዲያነጣጥር፣ ኃይሉንም ሁሉ በአንዴ እንዳያወጣ መከረው። ውጤቱስ? በ160 ዙሮች 192 መቺዎችን አስወጥቶ የሰጠው ነጻ ማለፊያ 114 ብቻ ሆነ። ለእሱ ይህ በሕይወቱ ያልታየ ለውጥ ነበር። የተባለውን ሁሉ የመፈጸም ፈቃድ ያለው፣ ነገር ግን በምክር ብዛት የተደናገረ ልጅ፣ በአምስት ዓመቱ የሚገባው ቋንቋ አገኘ።

በመጋቢት 1963 ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገው የዝግጅት ልምምድ የሜጀር ሊግ መለያ ልብስ ተለካለት። በ23 ዓመቱ ደጁ ተከፈተ ማለት ነው። በዚያው ወቅት ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር በተደረገ የልምምድ ጨዋታ ላይ ክንዱ ተጎዳ። የቀድሞው ፍጥነት ተመልሶ አልመጣም። በ1965 በ26 ዓመቱ ጨዋታውን ተሰናበተ። በሜጀር ሊግ አንዲት ኳስ እንኳ ሳይወረውር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ይነካል። መጠጥ ገና በሊጉ ሳለ የጀመረው ነበር፤ ከወጣ በኋላ ጨርሶ ያዘው። በካሊፎርኒያ እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። መጠጡ አእምሮውን ስለጎዳው ያለፈውን ሕይወቱን ብዙውን ክፍል ማስታወስ አልቻለም። በ1994 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በእህቱ ቅርብ ክትትል በእንክብካቤ ቤት ተቀመጠ። ብዙ አይቆይም ተብሎ የተፈራለት ሰው 26 ዓመት ኖሮ፣ በሚያዝያ 2020 በኮቪድ ወረርሽኝ በ80 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ክለብ የታችኛው ሊግ ይጫወት የነበረው ሮን ሼልተን በ1988 ለሠራው «ቡል ደርሃም» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ከሆኑት አንዱ የዳልኮውስኪ ወሬ ነበር። ዓለም ተረቱን ወስዶ ሲደሰት፣ ሰውየውን ይዛ የቀረችው እህቱ ነበረች።

ታጋሹ ክንድ

ሁለተኛው ወጣታችን ማሪያኖ ሪቬራ ነው። በ1969 ፓናማ ውስጥ ተወልዶ ፑየርቶ ካይሚቶ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አደገ። አባቱ የዓሣ ጀልባ አዛዥ ነበሩ። በልጅነቱ ገንዘብ ጠፍቶ ከካርቶን የተሠራ ጓንት፣ ከአሮጌ የዓሣ መረብ የተጠቀለለ ኳስ ይዞ ይጫወት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ በአባቱ ጀልባ ላይ ሠራ፤ አንድ ጊዜም ጀልባዋ ሰጥማ ከሞት ተርፏል።

ሪቬራ ወርዋሪ ልሁን ብሎ አላደገም። በቡድኑ ውስጥ ኳስ የሚያስቀር ተከላካይ ነበር። በ1989 የቡድኑ ወርዋሪ ሲዳከም «እኔ ልሞክር» አለ። ጥሩ ሠራ፤ ጓደኞቹም ለያንኪስ መልማይ ጠቆሙት። በፈተናው ላይ የተለካው ፍጥነት በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ለዚያ ደረጃ ተራ የሚባል ነው። መልማዩን የሳበው ፍጥነቱ ሳይሆን የአወራወሩ ለስላሳነት ነበር። በየካቲት 1990 በሃያ ዓመቱ በጥቂት ሺህ ዶላር ፈረመ። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ከአገሩም ወጥቶ አያውቅም።

የመጀመሪያ ዓመቱን ከዳልኮውስኪ የመጀመሪያ ዓመት ጎን እናስቀምጠው። ሪቬራ በ1990 በፍሎሪዳው የጀማሪዎች ሊግ በ52 ዙሮች 58 መቺዎችን አስወጥቶ ሰባት ነጻ ማለፊያ ብቻ ሰጠ። አንዱ 129፣ ሌላው 7! ኳሷን ወደፈለገበት መላክ ይችል ነበር። ሆኖም ፍጥነት ስለሌለው የክለቡ ትልቅ ተስፋ ተብሎ የሚጠቀሰው ሌላ ልጅ ነበር።

መከራ ግን እሱንም አልማረም። በ1992 ኳሷን ይበልጥ ለማጠፍ የእጅ አንጓውን ሲያጠማዝዝ ክርኑን ተጎዳ፤ በነሐሴ ወር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት አዳዲስ ክለቦች ሲመሠረቱ ከነባሮቹ ክለቦች ያልተከለሉ ተጫዋቾችን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ያንኪስ ሪቬራን ከሚከልላቸው ውስጥ አላስገባውም፤ አዲሶቹም አልመረጡትም። እንግዲህ ማንም የማይሻው ሰው ነበር ማለት ነው። በ1993 ቀስ ብሎ ወደ ልምምድ ተመለሰ።

በግንቦት 1995 ወደ ሜጀር ሊግ ተጠራ። የመጀመሪያ ጨዋታው ሽንፈት ነበር፤ ቡድኑ 10 ለ0 ተረታ። በሰኔም ወደ ታች መለሱት። ትከሻውን አሞት ስለነበር ሁለት ሳምንት ያህል አሳረፉት። ከዕረፍቱ ሲመለስ ፍጥነቱ በድንገት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። አለቆቹ ለሌላ ክለብ ሊለውጡት ይመካከሩ ነበርና ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ሰረዙ። ሐምሌ 4 ቀን በስምንት ዙር 11 መቺዎችን አስወጣ።

በ1997 ደግሞ ከጓደኛው ጋር ኳስ ሲቀባበል ኳሷ ሳይፈልግ መጨረሻ ላይ እልፍ እያለች አስቸገረችው። ለማረም ሞከረ፤ አልሆነም። በኋላ ይህችው እልፍ የምትል ኳስ የዘመኑ ስመ ጥር ውርወራ ሆነች። እሱ ራሱ ከፈጣሪ የተሰጠችኝ ስጦታ ናት ይላል። እስከ 2013 ድረስ ለ19 ወቅቶች ተጫውቶ በመጨረሻ ዙሮች እየገባ 652 ጨዋታዎችን ለቡድኑ አስጠብቋል፤ ይህም ክብረ ወሰን ነው። በጥር 2019 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ምርጫ ሲደረግ ከ425 መራጮች 425ቱም ድምፅ ሰጡት። በአዳራሹ ታሪክ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ «የታገሠ አገኘ፣ የቸኮለ ከሰረ» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ነገር ግን ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያስፈልጋል። ዳልኮውስኪ ሰነፍ አልነበረም፤ ዘጠኝ ወቅት ሙሉ በየከተማው እየተንከራተተ የታዘዘውን ሁሉ ሞክሯል። ክንዱ የተጎዳውም ልክ በተስተካከለ ማግሥት ነው። ሪቬራም ቢሆን ክርኑ ባይድን፣ ወይም ያ ልውውጥ ቢፈጸም ታሪኩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ለሰው ልጅ ያልተገለጠ ብዙ ነገር አለ።

ይሁን እንጂ በአሳዳጊዎቹ እጅ የነበረውን ስናይ ልዩነት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዳልኮውስኪን ሁሉም የተመለከተው በፍጥነቱ በኩል ነው። ልጁ ለራሱ ሳይቀር «ፈጣኑ» ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው ተደነቀለት። ሪቬራን ግን የሚያደንቀው ብዙ ሰው አልነበረምና ልጓሙን ይዞ ኃይሉን ቀስ ብሎ ጨመረ። ሁለተኛ፣ የአሰልጣኝ ብዛት ትምህርት አይሆንም። አምስት ዓመት የተደረበው ምክር ያላመጣውን ለውጥ አንድ ሰው ምክሩን በመቀነስ አመጣው። ሦስተኛ፣ ሪቬራ ሲታመም ቆመ፤ ሲድን ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፍጥነቱ የጨመረው ከድካም ሳይሆን ከዕረፍት ማግሥት መሆኑን ልብ ይሏል።

የልጅ ክንድ ስንት ይችላል?

ዳልኮውስኪ በተጎዳበት ዘመን ለተቀደደ የክርን ጅማት የሚሆን ሕክምና አልነበረም። ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም በመስከረም 1974 የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱን ወርዋሪ ቶሚ ጆንን ከሌላኛው እጁ በወሰዱት ጅማት ክርኑን ጠገኑለት። የመመለስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ተብሎ ነበር። በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989 ተጫውቶ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ሕክምናው ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሚያሳዝነው ግን መድኃኒቱ በመኖሩ ቸልታ መብዛቱ ነው። በሜጀር ሊግ የፈጣን ውርወራ አማካይ ፍጥነት በ2008 በሰዓት 91.3 ማይል ከነበረበት በ2024 ወደ 94.2 ማይል አድጓል። ሊጉ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው የጥናት ዘገባ ለጉዳት መብዛት ከጠቀሳቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ፍጥነትን ማሳደድና በእያንዳንዱ ውርወራ ሙሉ ኃይልን ማውጣት ነው። መልማዮች ፍጥነት ስለሚፈልጉ ገና ያልጠናው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ፍጥነት ያሳድዳል። ሕመሙን ደብቆ የሚወረውር፣ ወላጁም አይቶ እንዳላየ የሚሆንለት አይጠፋም።

በዚህ ምክንያት ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 ለልጆች መመሪያ አውጥተዋል። በመመሪያው መሠረት የ8 ዓመት ልጅ በቀን ከ50፣ የ10 ዓመት ልጅ ከ75፣ የ12 ዓመት ልጅ ከ85 ውርወራ በላይ አይወረውርም። የ12 ዓመት ልጅ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። በዓመትም ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ እንዲያርፍ ይመከራል። በመመሪያው ውስጥ ትልቁ ነገር ይመስለናል የምንለው፣ መቁጠሩን ለልጁ አለመተዉ ነው። ልጅ ሲያጨበጭቡለት ድካሙን አይናገርም። ቆጥሮ «ይበቃሃል» ማለት የአዋቂ ግዴታ ነው።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ጉብታ ላይ ቆመው ኳስ ባይወረውሩም እያንዳንዳቸው አንድ «ክንድ» አላቸው። የአንዱ ድምፁ፣ የሌላው የማስታወስ ችሎታው፣ የሦስተኛው የእጅ ሥራው ነው። በጎረቤት ፊት አቁመን «ይኸው ልጄ!» የምንለው ያን ክንድ ነው። ከማመስገናችን ጋር ግን ሦስት ነገር ብንጨምር መልካም ነው። ልጁ ፈጥኖ የሠራውን መለስ ብሎ እንዲያርም እናስተምረው። አባት፣ እናት፣ አስተማሪና አጎት በየፊናቸው ከሚያዝዙት አንድ የሚያውቀው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይምራው። እንዲሁም ማረፍን እንደ ስንፍና አንቁጠርበት።

ከዚህም በላይ፣ ክንዱ ባይሳካ ልጁ ማን ሆኖ ይቀራል ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ዳልኮውስኪን የጎዳው የክንዱ መጎዳት ብቻ አልነበረም። ከክንዱ ሌላ ምንም እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። ክንዱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ መጠጡም ባዶ ቤት አግኝቶ ገባ።

እኛም ያን ደብተሩን ዘግቶ የወጣ ተማሪያችንን ከጥቂት ጊዜ በፊት በመንገድ አገኘነው። በአንድ ሱቅ ይሠራል። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ቤተሰቡ ጠየቅነው። ከመለያየታችን በፊት «በኔ ተናደው ነበር አይደል?» አለን። «በራሳችን ነው የተናደድነው» አልነው። ዝም ብሎ ቆየና በማታ ትምህርት መመዝገብ እንደሚያስብ፣ ግን ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡ እንደከበደው ነገረን። የምዝገባው ቀን ሳያልፍ አብረነው እንደምንሄድ ቃል ገባንለት። ቀኑም ቀርቧል፤ ኢንሻአላህ እንሄዳለን።